ሁለት ቮልትና ዘጠና ቮልት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳዊት የአባቱን ቴፕ አቃጠለ። ዳዊት የሟቹ ወንድሜ የልጅ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ቴፑ በስድስት ቮልት የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። የባትሪ ድንጋዩ አልቆበት ነበርና፣ ሰሊጥ ሊጭን ግቢያችን ውስጥ ከቆመው መኪና ባትሪውን አውርዶ በሁለት ሽቦ አገናኘው። የመኪናው ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ቴፑ አንዴ ጮኸ፣ ትንሽ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ዝም አለ።

እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ጭንቅላቱን እያከከ መጣና ፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ የአባዬን ቴፕ አቃጠልኩት» አለኝ። «ቮልቱን ሳላይ ነው። ዛሬ ይገድለኛል በቃ!»

ይህን ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቴፑን በብብቱ ይዞ ለአባቱ ሊነግረው ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሲሄድ አየሁት፤ አልዘገየም፣ አልተደበቀም። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ነበር። የተቃጠለ ሽቦና የተቃጠለ ሙጫ የሚሸት ሽታ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልሸተተኝም ነበር።

አቃጠልኩት። አንዲት ቃል ናት። ልጁ ቆሞ ባንድ ትንፋሽ አላት። እኔ ግን... እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም። ከወንድሜ ልጀምር።

አባታችን የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አያሌው ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። ወላጆቻችን ከደንቢያ ወደ ቆላ ወርደው በኮኪትና በሽንፋ መካከል ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ ነበር። ጣሊያን መተማን ሲይዝ ብዙ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሱዳን ገባ። አያሌውም እኔን በግመል ጭኖ ገዳሪፍ ወሰደኝና ሐጂ ኢድሪስ ለሚባሉ የሰሊጥ ዘይት ነጋዴ ሰጠኝ። አባታችንን ያውቁት ነበር።

«እኔ ወደ በረሃ ልመለስ ነው፤ እሱ ግን ይማር» አላቸው።

ሐጂም አስተማሩኝ። ከልጆቻቸው ጋር አንድ ትሪ ላይ እየበላሁ አደግሁ። ጎበዝ ስለነበርኩ በሁለት ዓመት ካርቱም ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። አያሌው ማንበብ አይችልም ነበር። የምጽፍለትን ደብዳቤ በመንገደኛ ያስነብብና ከጥይቱ ጋር በዝናሩ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር አሉ። ዝናሩ ከብዶት ሲሄድ፣ «ይሄ ጥይት አይደለም፣ የወንድሜ ወረቀት ነው የከበደኝ» ይል ነበር አሉ።

ካርቱም አንድ አስተማሪ ነበረን፤ ኡስታዝ ብቻ ነበር የምንለው። አንድ ቀን ራዲዮ ክፍል ውስጥ ይዞ ገባና ክዳኑን ፈትቶ አሳየን። በዚያ ዘመን ራዲዮ ባለሁለት ባትሪ ነበር። ትንሹ፣ አሲድ ያለበት፣ ሁለት ቮልት ነው። ሥራው በመስታወት አምፖሎቹ ውስጥ ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ማጋል ብቻ ነው። ትልቁ፣ ደረቁ፣ ዘጠና ቮልት ነው። ድምፁን ከአየር ጎትቶ የሚያሰማው እሱ ነው። ሁለቱም ያንኑ አምፖል ነው የሚያገለግሉት፤ አንዱ ግን በሌላው መንገድ መግባት የለበትም። ዘጠናው በሁለቱ መንገድ ከገባ ያቺ ቀጭን ሽቦ ብልጭ ብላ ትበጠሳለች፤ ራዲዮውም ሞተ ማለት ነው።

«የትኛው ሽቦ የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ» አለን ኡስታዝ፣ «አትገምቱ። ክዳኑን ክፈቱና ከውስጥ ጀምራችሁ ሽቦውን በጣታችሁ ተከተሉት።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ጣሊያን መተማ ከተቀመጠ አራት ዓመት አልፎ፣ እንግሊዝም ከሱ ጋር ጦርነት ገጥሞ ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ሐጂ ካርቱም ድረስ መጡና፣ «ወንድምህ ይፈልግሃል» አሉኝ። ድንበር ማዶ ያሉት የእንግሊዝ የጦር ሰዎች ለአያሌው ጭፍሮች የሚደርስ ራዲዮ ለሐጂ ሰጥተው ኖሯል። የሚያውቅበት ሰው ግን አልነበረም። አያሌውም፣ «ሌላ ሰው አልፈልግም፤ እኔ ተማሪ ወንድም አለኝ» ብሎ ልኮ ነበር።

በባቡር ገዳሪፍ ደርሰን፣ ከዚያ አራት ቀን በግመል ሄድን። የጥቅምት ፀሐይ የቆላውን ሣር አድርቆ ቢጫ አድርጎታል፤ ግመሎቹ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ሐጂ ባትሪዎቹን ማሽላ ውስጥ ቀበሩ። የራዲዮውን ሳጥን ደግሞ በሰሊጥ ዘይት ስልቻዎች መካከል ሸሸጉት፤ ዘበኞቹ ሁሉ በዘይት ነጋዴነት ነበር የሚያውቋቸው። አንድ ኬላ ላይ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ ጫፏ በሾለ ሳንጃ ስልቻውን ወጋ ወጋ አደረገ። ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። ሐጂ ጮኹ፣ ሰደቡት፣ እሱም እየሳቀ አሳለፈን። ሳጥኑ ተረፈ። ከሳጥኑ የሚወጡት ሽቦዎች ግን በጨርቅ የተጠቀለሉ ነበሩና ዘይቱን ጠጡት። ያኔ ማንም ልብ አላለውም። ሐጂ ሰፈሩ ድረስ አድርሰውኝ በሌላ መንገድ ተመለሱ።

ሰፈሩ ከሽንፋ ወንዝ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። የሽመል ጎጆዎች ነበሩ። ከፊታቸው የታጨደ የሰሊጥ እርሻ አለ፤ ሰሊጡ በየእቅፉ ታስሮ፣ ፀሐይ እንዲያደርቀው ሂላ ሂላ፣ ክምር ክምር፣ ሆኖ ቆሟል። አያሌው ከሩቅ አይቶኝ ሮጦ መጣና ከመሬት አነሳኝ።

«መጣ! ካርቱምን ጨርሶ መጣ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል።»

«ዝም በል፣ ለነሱ ጨርሷል ብያቸዋለሁ!»

ሚስቱ ጥሩነሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የማሽላ ኪስራ፣ ስስ ቂጣ፣ በወይካ ወጥ አቀረበችልን። ወይካ የደረቀ ባሚያ ነው፤ በጣት ሲያወጡት ይዘረጋል። አያሌው እያጎረሰኝ ስለ ነገሩ አጫወተኝ። ከሽንፋ ማዶ ጥይት የጫነ ግመል ይጠብቀዋል። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሮ ማምጣት አለበት፤ ጥይታቸው አልቋል። ጠላት መሻገሪያው ላይ ካለ ግን ድንበር ማዶ ያሉት ሰዎች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በራዲዮ «ሰሊጡን ዝናብ ነካው» ይላሉ። ጠላት ከሌለ ምንም አይሉም። ብዙ መናገር አይቻልም፤ ጣሊያንም ይሰማል።

«ዝም ካሉ እሄዳለሁ፤ ዝናብ ካሉ እቀራለሁ» አለኝ። «እንግዲህ የኔ ጆሮ አንተ ነህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ከጎጆው ደጅ አጎዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሽቦዎቹን ሳወጣቸው ክው አልኩ። ቀዩ ለዘጠናው፣ ቢጫው ለሁለቱ፣ ጥቁሩ ለመመለሻው መሆኑን አውቃለሁ። አሁን ግን ቀይ የለም፣ ቢጫ የለም። ዘይቱና የመንገዱ አቧራ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡናማ አድርጓቸዋል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁ፤ ባሰበት።

ያው ኡስታዝ ያለውን አስታወስኩ። የክዳኑን ብሎን በካራ መፍታት ጀመርኩ። በሰፈሩ ውስጥ ወርቁ የሚባል ቀልደኛ ነበር።

«ምነው ተማሪው፣ ሆድ ዕቃውን ልታየው ነው?» አለኝ። «እንደ በግ ሞራ ልታነብልን ነው እንዴ? ይኸንንማ የኛም መርጌታ ይችላሉ!»

ሁሉም ሳቁ። አያሌውም ሳቀ፤ ግን ወዲያው እጁን አነሳ።

«ተዉት! እሱ የሚያደርገውን ያውቃል።»

ወርቁ ባይቀልድ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ውሸት ነው። የወርቁን ቀልድ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የወንድሜን ቃል ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ልጁ ታቦት ይዞ የወጣለት አባት መስሎ ቆሟል። እንዴት ብዬ አላወቅሁም ልበለው? ሦስት ሰዓት ደግሞ እየቀረበ ነው። ብሎኑን መልሼ አጠበቅሁ። ከሽቦዎቹ አንዷ ትንሽ ቀላ ያለች መሰለኝ። መሰለኝ። እሷን ከትልቁ ባትሪ አገናኘሁ፣ ሌላዋን ከትንሹ፣ ከዚያ ጥቁር ያልኳትን አስነካሁ።

ሦስቱም አምፖሎች ባንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ሆኑ።

«በራ! በራ!» ብሎ ወርቁ ዘለለ። ጥሩነሽ ከማጀት እልልታዋን አቀለጠችው። አያሌው አማተበ። የሚያበራ ራዲዮ አይተው አያውቁም፤ ሕይወት የዘራ መሰላቸው። እኔ ብቻ ነኝ ሲሞት ያየሁት። ዓይን ከመርገብገብ በፊት ጠፋ። ቀጭን ጭስ በክዳኑ ቀዳዳ ወጣ፤ የተቃጠለ ሽቦ ከተጠበሰ ሰሊጥ ጋር ሸተተኝ።

«ጠፋ እኮ» አለ አንዱ።

«ኧረ ዝም በል! መብራቱን አጥፍቶ ነው የሚያዳምጠው፤ አለዚያ ጠላት ያየዋል» አለው ወርቁ። ይኸን ጊዜ እየቀለደ አልነበረም።

የጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው በሱ የሚሰማው። ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ያዩኛል። ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ደም ሲራመድ እሰማለሁ፤ ሌላ ምንም የለም። እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። አፌን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት አላውቅም። አሁን እለዋለሁ እላለሁ፤ ደግሞ ሰዎቹ ራቅ ይበሉ እላለሁ። ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግረው አስቤ ነበር።

«እህ፣ ተማሪው? ምን አለ?» አለኝ አያሌው።

«ምንም አላለም።»

«በደንብ ይሰማልሃል?»

«ይሰማል።»

«ተመስገን» አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «መንገዱ ሰላም ነው። ተነሱ!»

አሥራ አንድ ሆነው ወጡ። እስከ እርሻው ዳር ሸኘሁት። መጨረሻው ሂላ ጋ ሲደርስ ቆመና አንዲት የደረቀች የሰሊጥ ራስ ቀጥፎ መዳፉ ላይ አራገፋት፤ ፍሬውን መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ።

«ቅመሳት። ከሽንፋ ዓሣ ይዤልህ እመጣለሁ። የካርቱም ዓሣ ለምደህ የኛን ካልናቅህ።»

«ጋሼ» አልኩት።

«ወይ?»

ሰዎቹ ቀድመውት ነበር። ለብቻችን ነበርን። የፈለግሁት እሱ ነበር፣ ለብቻችን መሆን። ፊቱ ላይ ያቺ ኩራት አሁንም አለች።

«በደህና ግባ» አልኩት።

ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ። ሰሊጡን አልበላሁትም። በእጄ ጨብጬው ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ከወንዙ በኩል ተኩስ ሰማን። ብዙ አልቆየም። ጥሩነሽ የምትፈጨውን ትታ ተነሳች፤ መጁ በእጇ እንዳለ ቆማ ቀረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስቱ ተመለሱ። ወርቁ ከፊት ሆኖ መጣ፤ ጎኑ ቆስሏል። ውሃው ደረታቸው ድረስ ነበር አለ። መካከሉ ሲደርሱ ከሁለቱም ዳር ከቁጥቋጦው ውስጥ ተተኮሰባቸው። አራት ሰው ውሃው ወሰደው፤ አያሌውም ጠመንጃውን ከውሃው በላይ እንደያዘ ወደቀ። ጠመንጃዋ ቆይታ ነው የሰጠመችው አለ።

በሦስተኛው ቀን ከመሻገሪያው በታች አሸዋ ላይ አገኘነው። ከአንድ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ከዝናሩ ደብዳቤዎቼን አወጣሁ፤ ውሃ በልቷቸው ቀለሙ ጠፍቷል፣ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ከቀብር ስንመለስ ብቻዬን ገብቼ የራዲዮውን ክዳን ፈታሁ። ከውስጥ ጀምሬ ሽቦዋን በጣቴ ተከተልኳት። ቀላ ያለች የመሰለችኝ የሁለት ቮልቷ ነበረች። ያንን ለማወቅ የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ጉርሻ ለመዋጥ ከሚፈጀው አይበልጥም።

በአምስተኛው ቀን ሐጂ ኢድሪስ መጡ። ለቅሶ ሊደርሱ ከሰው መካከል ተቀመጡና አለቀሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ሦስት ጊዜ ተናግረናል አሉኝ እኮ! ሰሊጡን ዝናብ ነካው፣ ሰሊጡን ዝናብ ነካው ብለናል አሉ። ያ ወልዲ፣ ልጄ፣ እንዴት አልሰማህም?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥሩነሽም ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ዘይት» አልኩ። «ዘይት ገብቶበት... ድምፁን አፍኖት ነው።»

ሐጂ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«የኔ ዘይት?» አሉ። «ያ አላህ። የኔ ዘይት ነው?»

ያን ጊዜም ዝም አልኩ። እናት አባት ሆነው ላሳደጉኝ ሰው።

ጣሊያን ወጣ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ሂሳብ አስተማርኩ። የኤሌክትሪኩ ምዕራፍ ሲደርስ አመመኝ ብዬ ለሌላ አስተማሪ እሰጥ ነበር። የአያሌው ልጅ ተወለደ፣ ከኔ ጋር አደገ። ሐጂ በየዓመቱ የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ አንድ ስልቻ ዘይት በገዛ እጃቸው ይዘው ወደ ጥሩነሽ ይመጡ ነበር። ልጁ እንዴት ነው ሳይሉ ውሃ አይጠጡም ነበር። ሲያረጁ በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። በመጨረሻው ዓመት፣ «ይቅር በይኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሏት።

«እርስዎ ምን አጠፉ? ያኔ የሆነው ድንገተኛ ነው» አለቻቸው።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ስኒ ይዤ። ሐጂ በዚያው ክረምት ሞቱ። ጥሩነሽም አሁን የለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳዊት ከመጋዘኑ ተመለሰ። አባቱ ተቆጥቶት፣ ኋላ ደግሞ ስቆ፣ ወደ ጠጋኝ እንዲወስደው ልኮት ነበር። በረንዳው ላይ ሳለቅስ አገኘኝ።

«አባባ! ምነው፣ አመመዎት? በቴፑ ነው እንዴ? ይጠገናል እኮ።»

ነገርኩት። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። ቴፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያገላብጠዋል፤ አያየኝም። ጨረስኩ። መንገዱ ላይ ወደ ገላባት የሚያልፍ ጭነት መኪና አቧራውን ግቢያችን ውስጥ በተነው።

«ቢነግሯቸው ኖሮ ይቀሩ ነበር?» አለኝ።

ይኼን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሳልመልሰው ኖሬያለሁ። መልሱን ግን ሁልጊዜም አውቀዋለሁ።

«ይቀር ነበር» አልኩት። «ይስቅብኛል። ከዚያ ይቀር ነበር።»

እሑድ ለአባቱ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ራሴ ነገርኩት። የቀረበለትን ምሳ ሳይነካ ተነስቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። አልፈርድበትም። ዳዊት በየማታው እየመጣ ውሃዬን ይቀዳልኛል።

የሐጂ ኢድሪስ ልጆች ግን ተበትነዋል። አንዳንዶቹ እዚሁ መተማ ገበያ ናቸው፣ ሌሎቹ ገዳሪፍ፣ ሌሎቹን ደግሞ የት እንዳሉ አላውቅም። አብሬያቸው ከአንድ ትሪ የበላሁ ናቸው። አባታቸው ስለዚያ ዘይት ምን ብለው እንደነገሯቸው አላውቅም፤ መንገራቸውን ግን አልጠራጠርም። በየቤታቸው ልዞር ጉልበት የለኝም። ይህን የጻፍኩት እነሱ ዘንድ ቢደርስ ብዬ ነው። የአባታችሁ ዘይት ቀለሙን ሸፈነ እንጂ ሰው አልገደለም። ክዳኑ ይከፈት ነበር፤ ሽቦው በጣት ይታወቅ ነበር፤ ወንድሜም እስከ እርሻው ዳር አብሮኝ ነበር። እኔ ነኝ። አቃጠልኩት።